በብስክሌት የሄደ መርዶ

ጦርነቱ ከወልድያ ከወጣ ገና ሳምንት ሳይሞላው ጁነይድ ብስክሌቱን ከኮርኒስ ላይ አወረደ። በነሐሴ ታጣቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ሲሰበስቡ፣ ጎማውን ለብቻ አካሉን ለብቻ ፈታትቶ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ የደበቀው እዚያ ነበር። ያን ዕለት ከታች ቆማ መሰላሉን የያዘችለት ሚስቱ ናጅዋ ናት። «ጠንቀቅ በል፤ ብትወድቅ አላነሳህም፣ የኔን ሸክም ታያለህ» ብላ ሆዷን እየዳበሰች ስቃበት ነበር። አሁን መሰላሉን የሚይዝለት ስላልነበረ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ብቻውን ወጣ፤ ብቻውን ወረደ።

ካቴናውን ዘይት ቀብቶ ጎማውን ነፍቶ ሲያበቃ ጎረቤታቸው የሺ ከአጥሩ ወዲያ አየችው።

«ወዴት ነው በማለዳ?»

«ውርጌሳ። የናጅዋ ቤተሰቦች ዘንድ።»

የሺ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «እስካሁን አልሰሙም?»

«ከማን ይሰማሉ?»

«ታዲያ ብቻህን ትሄዳለህ? መርዶ እኮ ብቻውን አይሄድም ጁነይድ። ሽማግሌ ይከተልሃል፣ ዘመድ ይከተልሃል።»

«መኪና የለም የሺ። ሽማግሌውን በብስክሌት አፈናጥጬ አልወስደው።»

ሊያስቃት ብሎ አልነበረም፤ እሷም አልሳቀችም። ገብታ ዳቦ በፌስታል ይዛ ወጣችና ከብስክሌቱ ኋላ አሰረችለት። ከዚያ «በል አላህ ይከተልህ» አለችው፤ እሷ ክርስቲያን ሆና ሳለ በእሱ አፍ መረቀችው።

ናጅዋ የሞተችው በመስከረም መጨረሻ ነው። ሰባት ወሯን ይዛ ነበር። ልብስ ስታሰጣ ድንገት ደም ፈሰሳት። ከተማው ተይዟል፤ መድኃኒት ጠፍቷል፤ የሕክምና ሰዎችም ነፍሳቸውን ለማዳን በየገጠሩ ተበትነዋል። ጁነይድና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት፣ አለች የተባለች አንዲት አዋላጅ ፍለጋ ከደጅ ደጅ ሲዞሩ፣ እጁን አጥብቆ ይዞት የነበረው እጇ መንገድ ላይ ላላ። ከነልጇ ተቀበረች።

ስልክ ከነሐሴ ጀምሮ ሞቷል። መንገዱም ዝግ ነበር። ከውርጌሳ በላይ ባለችው ግራር አምባ መንደር የሚኖሩት አባትና እናቷ ልጃቸው አለች ብለው እያሰቡ ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳርም አለፈ። ጁነይድ ሾልኮ በሚያልፍ እግረኛ መላክ አስቦ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ነገር በመንገደኛ አፍ አይላክም። ገበያ መሃል ቢነግሯቸውስ? ውኃ ቀድተው ሲመለሱ፣ እንስራ በጀርባ እንዳለ ቢነገራቸውስ? እናቷ ሁሪያ ልበ ስስ ናት። ስለዚህ የመንገዱን መከፈት ሲጠብቅ ከረመ።

ያሰበው እንዲህ ነበር። ውርጌሳ አስፋልቱ ዳር የናጅዋ አጎት ዓሪፍ ሱቅ አለው። መጀመሪያ ለእሱ ይነግረዋል። ዓሪፍ ደግሞ ሽማግሌዎቹን በዝምታ ይሰበስባል፤ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ወጉ በሚፈቅደው መንገድ አብረው ወደ ግራር አምባ ይወጣሉ። ጁነይድ ከኋላ ሆኖ ይከተላል እንጂ ከአፉ አንዲት ቃል አትወጣም። ይህን እያሰበ ነበር ከወልድያ የወጣው።

ቁልቁለቱን ሲጀምር የታኅሣሥ ብርድ ጆሮውን ቆነጠጠው። ይህን መንገድ ጥምዝ በጥምዝ ያውቀዋል። የስፖርት መምህር ነው፤ በሰላሙ ጊዜ፣ በእረፍት ቀኑ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ብስክሌቱን ይዞ ብቻውን ይወጣል። አንዳንዴ መርሳ፣ አንዳንዴ ውርጌሳ፣ ጉልበቱ ደህና ሲሆን ደግሞ ከዚያም ወዲያ ያለውን ዳገት ቧጥጦ ይመለሳል። ሲሄድም ሲመለስም የሚጠብቀው ጉዳይ የለውም። ተራራው ጎን ሲደርስ ትንፋሹና የካቴናው ድምፅ ብቻ ይቀራሉ፤ ያ ደስ ይለው ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ናጅዋን ያገኛትም በዚህ ነው። አንድ ቀን ላቡን እያንጠባጠበ ውርጌሳ ደርሶ ከዓሪፍ ሱቅ ውኃ ሲገዛ፣ አጎቷን ተክታ ሱቁን የምትጠብቅ ልጅ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና «ማን አባሮህ ነው?» አለችው። «ማንም አላባረረኝም» አላት። «ታዲያ ምን ሆነህ ነው?» አለች፤ ከልቧ ተጨንቃ ነበር የጠየቀችው። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ መጣ። በዚያ በሚቀጥለውም። ቆይቶ ወልድያ ያሉ ጓደኞቹ «ያ ሰውዬ ዳገት ወዶ መስሎን ነበር» እያሉ ቀለዱበት።

አሁን መንገዱ ሌላ ነው። በየጥምዙ የተቃጠለ መኪና ተጋድሟል። አንድ ቦታ አስፋልቱ እንደ ዳቦ ተቆርሶ ስለነበር ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አድርጎ በጎኑ አለፈ። የጥይት ቀለህ ከጠጠሩ ጋር ተደባልቆ በጎማው ስር ይንኮሻኮሻል። በግራ በኩል ወደ ሐራ የሚወርደው ቆላ በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቆማል፣ ጭጋጉ ተገፎ ሜዳው እስኪታይ ይጠብቃል። ዛሬ አልቆመም።

ሲሪንቃ ሲደርስ ማሽላው ሳይታጨድ ቆሞ፣ ዘለላውን ወፍ ጨርሶት አየ። አንድ ገበሬና ሚስቱ የተረፈውን እያጨዱ ነበር። ሰውዬው ማጭዱን ከፍ አድርጎ ሰላም አለው፤ ጁነይድም እጁን አነሳ። ሚስትየዋ ቀና ብላ ብስክሌቱን ስታይ ፈገግ አለች። ሰው ለመንሸራሸር የወጣ ሳይመስላት አልቀረም። ፈገግታዋ ለረጅም መንገድ ደረቱ ላይ ከበደው።

መርሳ መግቢያ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ዓለምነህ የሚባል ሚሊሻ፣ ጓደኞቹ በስሙ ሲጠሩት ነው ያወቀው፣ መታወቂያውን ተቀብሎ አገላብጦ አየ።

«ከወልድያ በብስክሌት?»

«አዎ።»

«የት ነው?»

«ውርጌሳ። መርዶ ላረዳ ነው።»

ሚሊሻው መታወቂያውን መለሰለት። ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም። «እኛም ትናንት ሦስት ቤት ስናረዳ ዋልን» አለና ገመዱን ዝቅ አደረገው። «እለፍ ወንድሜ።»

ከመርሳ ገበያ ዳር ማሚቴ የምትባል ብርቱካን ሻጭ ነበረች፤ በሰላሙ ጊዜ ሁልጊዜ ከእሷ ነበር የሚገዛው። ዛሬም ጥቂት ብርቱካን ጆንያ ላይ ደርድራ ተቀምጣለች። ብስክሌቱን ስታይ ብድግ አለች።

«አለህ? አልሐምዱሊላህ። እኔማ ያ ዳገት የሚወደው ልጅ ምን ሆኖ ይሆን እያልኩ ነበር። ሚስትህስ? ከብዳለች ያልከኝ አይደል?»

ጁነይድ ብርቱካን ሲመርጥ እጁ ቆመ። ነገሩ መጀመሪያ የሚወጣው እዚህ፣ በብርቱካን ሻጭ ፊት እንዲሆን አልፈለገም። ከእናቷ በፊት ማንም ሊሰማው አይገባም።

«ደህና ናት» አለ።

«በሰላም ተገላገዪ በልልኝ» አለችና አንድ ብርቱካን ጨመረችለት። «ይቺ የሷ ናት።»

ከመርሳ በኋላ ፀሐይዋ በረታች። መንገዱ እየወጣ እየወረደ ይሄዳል፤ ማርሹን እየቀየረ፣ ራሱን ደፍቶ ፔዳሉን ገፋ። ያን ያህል ጊዜ ሳይነዳ ስለቆየ ጭኑ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ዳገት መሃል ላይ እንባው ሳያስበው መጣ። በሰላሙ ጊዜ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ እንደሚያደርገው በክርኑ ጠረገውና መንዳቱን ቀጠለ። ማንም ስላልነበረ ከዚያ በኋላ አልጠረገውም።

ውርጌሳ ሲደርስ የዓሪፍ ሱቅ በር ተገንጥሎ፣ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ አገኘው። አጠገቡ ሻንጣ የሚጠግን ሽማግሌ፣ ዓሪፍ ቤተሰቡን ይዞ በጥቅምት ወደ ባቲ እንደወረደና እስካሁን እንዳልተመለሰ ነገረው። ጁነይድ ብስክሌቱን እንደደገፈ አሰበ። መመለስ አይችልም። ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም። ግራር አምባ መስጊድ ደርሶ ለኢማሙ ሊነግር ወሰነ፤ አማቶቹ ሳያዩት በጓሮ ዞሮ መግባት ይችላል። ከአስፋልቱ ወጣና ብስክሌቱን እየገፋ አቧራማውን ዳገት ተያያዘው።

ነገር ግን በዚያ አገር ብስክሌት ይዞ ተራራ የሚወጣ ሰው እሱ ብቻ ነው። ከሩቅ የሚለየው በዚያ ነበር። ገና ግማሹን ሳይወጣ፣ ከመንገዱ በላይ ካለው አውድማ ላይ ጤፍ የሚያበራዩ አንድ ሽማግሌ መንሻቸውን ጣሉ። አማቱ አብዱልሐሊም ናቸው። ከሲታ ሰውነታቸው ይበልጥ ከስቷል። እየተንደረደሩ ወረዱና ምንም ሳይሉ አንገቱን አቀፉት። ትከሻቸው ሲናጥ ተሰማው።

«ማን ነገረህ ልጄ?» አሉ። «ማን ነገረህ?»

ደርሷቸዋል ማለት ነው። ወሬው ከእሱ ቀድሞ፣ እንዴትም ይሁን እንዴት፣ ደርሷል። ሐፍረትም እፎይታም አንድ ላይ ወረዱበት።

«አላህ ያጽናዎት አባ» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ቶሎ መምጣት ነበረብኝ። መንገዱ …»

«ምን ታደርግ። ዝግ ነው። እኛስ ቀብሯን በስንት ጭንቅ ነው ያደረስነው። ተኩስ ስለነበር አምስት ሆነን ነው የቀበርናት።»

ጁነይድ ከእቅፋቸው ወጥቶ አያቸው። ናጅዋን የቀበራት እሱ ነው። ወልድያ።

«የማንን ቀብር አባ?»

ሽማግሌው በእንባቸው ውስጥ ሆነው አፈጠጡበት። «የሁሪያን ነዋ። አልሰማህም? ለሷ አይደል የመጣኸው?»

አማቱ ሁሪያ በኅዳር በወባ ሞታለች። ኪኒን ጠፍቶ፣ ትኩሳቱ ለቀቅ ያዝ እያደረጋት ሰንብታ፣ አንድ ማለዳ ሳትነሳ ቀረች። አብዱልሐሊም መንገዱ ላይ ቆመው ይህን ሁሉ ነገሩት። ጁነይድ ይሰማል፤ ቃሉ ግን ከሩቅ እንደሚመጣ ነበር። ብስክሌቱ ከእጁ አምልጦ ወደቀ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አነሱለትና እጀታውን በአንድ እጃቸው ያዙ።

«ናጅዋስ?» አሉ ከዚያ። «ሰምታለች?»

«አልሰማችም አባ።»

እውነት ነበር። አልሰማችም።

«አልሐምዱሊላህ። እንዳትነግራት። እስክትገላገል ድረስ አደራ፣ እንዳትነግራት። ወተቷ ይደርቃል፤ ልጁም ይጎዳል። ከወለደች በኋላ እኔው ራሴ መጥቼ እነግራታለሁ። እናትሽ ታማለች፣ መንገዱ ከብዷት ነው በላት። እሺ በለኝ።»

ጁነይድ ዙሪያውን አየ። የቆሙት መንገድ ላይ ነው፤ ሽማግሌው እህል ከቀመሱ ቆይተው ይሆናል፤ በዙሪያቸው ሰው የለም፤ ቢወድቁ የሚይዛቸው እሱ ብቻ ነው። ኢማሙን ላግኝ፣ እስከዚያ ልቻለው አለ በልቡ።

«እሺ» አለ።

ቤት ሲደርሱ የናጅዋ ታናሽ እህት አሲያ ጥቁር ሻርፕ ደፍታ ወጣች። አቅፋው አለቀሰች። ጎረቤት ሰማና መጣ፤ አማቹ ለለቅሶ ደረሰ ተብሎ እየገቡ አጽናኑት። ጁነይድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ «አላህ ይማራት» ሲሉት «አሚን» ይላል፤ «ናጅዋ እንዴት ናት?» ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል። ለሁሪያ የሚያለቅስ መስሏቸው ተዉት። ለሁሪያም አለቀሰ፤ እሷ እንደ ልጇ ነበር የምታየው። ኢማሙን ፍለጋ ሊወጣ ሁለት ጊዜ ተነሳ፤ ሁለቱንም ጊዜ አዲስ ሰው ገብቶ አስቀመጠው። ኢማሙ ለሌላ ቀብር ወደ ታች ወርደዋል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ለመግሪብ ሶላት ይደርሳሉ አሉት።

ሰዉ ሲሳሳ አሲያ ከጓዳ አንድ ቅል ይዛ ወጣች። አፉ በኮባ ቅጠል ታስሯል። ከእሱ ጋር በጨርቅ የተቋጠረ የገንፎ ዱቄትና አንድ ጠርሙስ ማር ነበር።

«እናቴ ለአራሷ ብላ ያሰናዳችው ነው» አለች። «ቅቤውን ያነጠረችው ትኩሳት እያለባት ነው። ተኚ ብንላት እምቢ አለች። እኛንም እንዳትነኩ፣ የናጅዋ ነው እያለች ስትጠብቀው ነበር።»

«መቼ ነው ያነጠረችው?» አለ ጁነይድ። ለምን እንደጠየቀ አላወቀም።

«ጥቅምት ሲጋመስ።»

ጥቅምት ሲጋመስ ናጅዋ አፈር ውስጥ ነበረች። ጁነይድ ቅሉን አይቶ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

አብዱልሐሊም ቅሉን ተቀብለው ወደ ደጅ ወጡ። ብስክሌቱ አጥሩ ላይ ተደግፎ ነበር። «ነገ በማለዳ ትሄዳለህ፤ አሁኑኑ ልጫንልህ፣ ጠዋት እንዳንረሳው» አሉና ገመድ ፈልገው ማሰር ጀመሩ። ጁነይድ ተከትሏቸው ወጣ። ሽማግሌው እንዳይንሸራተት ጆንያ ከስር አነጠፉለት፤ ቅሉን ወደ ውስጥ፣ ማሩን ወደ ጎን አደረጉ። እየሠሩ ያወራሉ።

«ወንድ ከሆነ ስሙን አንተ ታወጣለህ። ሴት ከሆነች ግን ሁሪያ በሏት። ወሯ ገብቷል አይደል? በሐምሌ ስልክ ስትደውል በታኅሣሥ ነው ብላን ነበር። አዎ፣ ገብቷል …»

ገመዱን እየጠመዘዙ ሳለ ቃላቸው ቆመ። እጃቸውም ቆመ። ቀና አላሉም። ጁነይድ ከኋላቸው ሆኖ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ሲመታ ያያል።

«ወሯ የገባን ሴት» አሉ በዝግታ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ፣ «ብቻዋን ትቶ … ስለ ሁሪያ ሳይሰማ …»

ዞሩ።

«ጁነይድ። ለምን መጣህ?»

ከወልድያ ሲነሳ ያዘጋጀው ቃል አንድም አልነበረውም፤ የሚናገሩት ሽማግሌዎች ነበሩና። እግራቸው ስር ተቀመጠ። አብዱልሐሊም ሌላ አልጠየቁም። አንድ እጃቸው አሁንም ገመዱን እንደያዘ ነበር። ሞት ሲሰማ የሚባለውን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ከቤት የአሲያ ጩኸት ተሰማ፤ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

ጎረቤት ተመልሶ መጣ። ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። ሴቶቹ ለእናቲቱ ያወጡትን ሙሾ ለልጅቷም አወጡ፤ የናጅዋን ስም ከሁሪያ ስም እያፈራረቁ ጠሩ። ኢማሙ ሲደርሱ ወንዶቹ ተሰልፈው ሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደውን ሶላት ሰገዱላት።

ከሶላቱ በኋላ አብዱልሐሊም ጁነይድን አጠገባቸው አስቀመጡት። ፊታቸው ደርቋል።

«አስከሬኗን ማን አጠበ?»

«የሰፈራችን ሴቶች። ዘይነባ የምትባል ሐጂት አለች፣ እሷ ናት የመራችው።»

«ከፈን ነበራት?»

«ነበራት። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ነበር።»

«ተሠቃየች?»

«ትንሽ» አለ ጁነይድ። «እናቴን ጥሩልኝ ትል ነበር።»

ሽማግሌው ከዚያ «ማን ቀደመ?» አሉ።

ጁነይድ ሊዋሻቸው ቢፈልግ ይችል ነበር። ነገር ግን ዛሬ የዋሸው ይበቃዋል። «ናጅዋ ቀደመች» አላቸው። «በመስከረም ነው።»

አብዱልሐሊም ወደ ጓዳው አዩ፤ ሁሪያ ያን ቅቤ ትኩሳት እያለባት ያነጠረችበትን ቦታ። «እንኳን አልሰማች» አሉ። «እንኳን ሳትሰማ ሄደች።» ከዚያ በኋላ ነው ድምፅ አውጥተው ያለቀሱት፤ እስከዚያ ድረስ እንባቸው ዝም ብሎ ነበር የሚወርደው።

ጁነይድ የለቅሶው ቀናት እስኪያልፉ ግራር አምባ ቆየ፤ ጤፉንም አብሯቸው አበራየ። ቅቤውንና ማሩን አሲያ በመንደሩ ለተገላገለች አንዲት ድሃ ሴት ወስዳ ሰጠች። ሲመለስ አብዱልሐሊም እስከ አስፋልቱ ሸኙት። «አንተ የቤቴ ልጅ ነህ» አሉት፤ «እሷ የለችም ብለህ እንዳትቀር።» ብስክሌቱ ላይ ሲወጣ ቆመው ነበር፤ ከመጀመሪያው ጥምዝ በኋላ ግን አልታዩትም።

በጥር መኪና ሲጀምር አብዱልሐሊም ወልድያ መጡ። ጁነይድ ወደ መቃብሩ ወሰዳቸው። ብቻቸውን እንዲተዋቸው ስለጠየቁት ከግንቡ ውጭ ሆኖ ጠበቃቸው። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ድረስ ተቀመጡ። ሲወጡ ጋቢያቸውን አራገፉና መንገዱን ወዲያና ወዲህ አዩ፤ ከተማውን ገና አሁን ያዩት ይመስላሉ።

«ቦታው ደህና ነው» አሉት። «ጥላ አለው።»